የውሰት አፍንጫ

የላክለን አፍንጫ እንደሞተ ከሁሉ ቀድማ ያወቀችው ሚስቱ ኢሽቤል ነበረች። አውቃም ዝም አለች።

በዚያ ክረምት ደሴቲቱን ቤት ለቤት የዞረው ጉንፋን ላክለንን አልጋ ላይ ጥሎት ሰነበተ። ተሽሎት በተነሳ ሰሞን አንድ ጠዋት ኢሽቤል የአጃ ገንፎውን ምድጃ ላይ ጥዳ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ከባሕር የሚነሳው ነፋስ አንሶላውን ከእጇ ነጥቆ ወደ ጎረቤት አጥር ወሰደባት፤ እሱን ስታባርር ገንፎው አረረ። ስትመለስ ቤቱ በእርር ሽታ ታፍኗል። ላክለን ግን ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣውን ያገላብጣል። ሮጣ መስኮቱን ስትከፍት ቀና አለና፣ «ምን ነካሽ፣ ብርዱን ታስገቢብኛለሽ?» አላት።

ኢሽቤል ያረረውን ከድስቱ ሥር ፍቃ አወጣችና በሳህን አድርጋ ሰጠችው። ጠርጎ በላው። ጨው አንሶታል አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም።

እንዲህ ከሆነማ ብላ ትፈትነው ገባች። የከረመ ዓሣ በጨርቅ ጠቅልላ ከሚቀመጥበት ወንበር ሥር ወሸቀችው። ድመቷ ወንበሩን እየዞረች ትጮሃለች፤ ፖስተኛው ደጃፉ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይይዛል፤ ላክለን ግን እዚያው ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ ስለ አየሩ ያወራል። ኢሽቤል ወጥ ቤት ገብታ አፏን በሽርጧ አፍና ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ፣ ባሏ የታመመባት ሴት ለምን ትስቃለች ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን ለማግኘትም ብዙ አልደከመች።

ላክለን የደሴቲቱ አፍንጫ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ባሕሩ ዳር ባለው የውስኪ ፋብሪካ ዋና ቀማሚ ሆኖ ሠርቷል። የትኛው በርሜል ከየትኛው ጋር እንደሚጋባ፣ የትኛው ገና ዓመታት መተኛት እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ቦታውን ያሠለጠነው ቶርክል ተረከበው፤ ላክለን ግን ቤት አልዋለም። የወደቡ ሆቴል ባለቤት ኤፊ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎኗን ከፈተችለት። ከዋናው ምድር በጀልባ የሚመጡ እንግዶች ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ላክለን ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያሽከረክራል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል፣ ከዚያ የተሰማውን ይናገራል። ውስኪ ብቻ አይደለም፤ ጂኑንም፣ ሩሙንም፣ የፈረንሳዩን ኮኛክም። እሱ ቫኒላ ካለ ቫኒላ ነው። የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ካለ፣ ሰው ሁሉ የብርቱካን ልጣጭ እየሸተተው ወደ ማደሪያው ይሄዳል።

በዚያ ሳሎን ሳይነገር የማይቀር አንድ ቀልድም ነበር። ኢሽቤል አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ የፋብሪካው ባለቤቶች በተጋበዙበት ማዕድ ላይ፣ ይሄ ውስኪ ምን ይመስልሻል ተብላ ብትጠየቅ፣ «አባቴ መረቡን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣው እንደሚሸተው ነው የሚሸተኝ» ብላ መለሰች። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ የተናገረችውም እውነቷን ነው። ላክለን ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ፤ ባለቤቶቹም ተከትለውት ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ንግግር የላክለን ንብረት ሆነ። «ባለቤቴን እዩዋት» ይላል፣ ኋላ ወንበር ላይ ወደተቀመጠችው ኢሽቤል እየጠቆመ። «የእሷ አፍንጫ ከሾርባ አያልፍም። ምን ቢቀዱላት ዓሣ ነው የሚሸታት።» ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ። ፀጉሯ እስኪሸብት አብራ ሳቀች።

እንግዲህ ያረረ ገንፎ ስታበላው አንጀቷ ያልራራው ለዚህ ነው።

ቅዳሜው ሲቃረብ ላክለን ጓሮ ወዳለችው ዕቃ ቤት እየገባ መቆየት አበዛ። አንድ ቀን ተከትላው ብትገባ ጠርሙሶቹን ሁሉ ከፍቶ ደርድሮ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረ እንደ ቡችላ ሲያነፈንፍ አገኘችው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ውሃ ነው» አላት። «ሁሉም ውሃ ነው፣ ኢሽቤል። ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል እንጂ ምንም የለውም።»

«ለኤፊ ንገራታ። ታምሜ ነበር፣ አልቻልኩም በላት።»

«ብሞት ይሻለኛል።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ቀና ሲል ያ የድሮው የአለቃ ፊቱ ተመልሶ ነበር። «አንቺ ታሸቺልኛለሽ። የሸተተሽን ትነግሪኛለሽ፣ እኔ በቃሌ እይዘዋለሁ። የዓሣ ወሬሽን ብቻ አታምጪብኝ።»

አልለመናትም። ሚስት ሸሚዝ እንደምትተኩስ አፍንጫዋንም ታውሳለች ብሎ ነው ያሰበው። ኢሽቤልም እሺ አለች። እሺ ያሰኛት ፍቅር አልነበረም፤ ፍርሃትም አልነበረም። በዚህ ሁሉ ዘመን ምን ሸተተሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ስለሌለ ነው። ይኸው አሁን አንድ ሰው ጠየቃት፤ እሱም ቢሆን ቸግሮት።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ በቅዳሜው ዋዜማ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡ ጀመር። እሷ ታሸታለች፣ እሱ አፏን አፏን ያያል።

«ይሄኛው ዝናብ በጣለ ጠዋት የትምህርት ቤት ኮሪደር ነው» ትለዋለች። «ጠመኔና የራሰ የሱፍ ካፖርት።»

«ይሄ ደግሞ ምን ወሬ ነው? ፍሬ ንገሪኝ። ቅመም ንገሪኝ።»

«ፍሬ አልሸተተኝም። የሸተተኝን ነው የምነግርህ።»

ሌላውን ውስኪ እናቷ የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ነው አለችው። ሩሙን ደግሞ፣ ልጅ ሆና ወድቃ የተላጠ ጉልበቷ ላይ የሚያፈሱባት አዮዲን፣ ከዚያም ሳታለቅስ ስለቻለችው የሚሰጧት ከረሜላ ነው አለችው። ላክለን ፊቱን እያጨማደደ ደገመው። ሌላ የሚለው አልነበረውምና ቅዳሜ ዕለት ያንኑ ተናገረ።

እንግዶቹ እንዲህ ያለ ነገር ከላክለን አፍ ሰምተው አያውቁም። የቁልፍ ቆርቆሮውን ሲናገር አንዲት አሮጊት መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች። ኤፊ ከበሽታው ወዲህ የሰውየው ልብ ተከፈተ እያለች ላገኘችው ሁሉ አወራች፤ በሚቀጥለው ወር ወንበር አልበቃ አለ። ኢሽቤል ኋላ ተቀምጣ የገዛ እናቷ፣ የገዛ ኮሪደሯ፣ የገዛ ጉልበቷ ከእሱ አፍ ሲወጣ ታዳምጣለች። መቼም ከእንግዲህ ያንን ቀልድ ይተወዋል ብላ ነበር። አልተወውም። ጭብጨባው ሲበርድ ወደ እሷ ጠቆመና፣ «ባለቤቴ ብትሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ዓሣ ነው ትላችሁ ነበር» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ላክለንም በዚያ ሳቅ መሃል ሌባ ሌባን እንደሚጠቅስ ዓይኑን ጠቀሳት።

ያን ቀን ቂም ቋጠረች።

በጋ ሲገባ ደሴቲቱ የውስኪ በዓሏን ታከብራለች። በዚያ ዓመት ፋብሪካው ለበዓሉ አንድ አሮጌ በርሜል ሊከፍት ተሰናዳ። መጋዘኑ ሲጸዳ ከጥግ የተገኘ፣ ላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ የተፋቀ፣ ማን እንደሞላው መቼ እንደሞላው የማይታወቅ በርሜል ነው። ስለ እሱ ከላክለን በቀር ማን ይናገራል? ቶርክል እንደ ልማዱ በዋዜማው በትናንሽ ጠርሙሶች ቀድቶ፣ ነገ የሚቀርቡትን ሁሉ ቤት ድረስ ይዞ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ደጃፍ ላይ ቆመና፣ አለቃ ተረጋግተው ይቅመሱት ብዬ ነው አለ፤ ጥቂት ተጫውቶ ሄደ።

ባልና ሚስት ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ። ከጎረቤት ደሴት የመጣውን ጂን አዲስ የታጠበ የቤተ ክርስቲያን ወለልና የጥድ ቅርንጫፍ አለችው። ኮኛኩን የሞተች አክስት ቁም ሣጥን አለችው። ለጋውን ውስኪ፣ ቀለሙ ያልደረቀ በር አለችው። ላክለን ሁሉንም ያዘ።

የአሮጌውን በርሜል ጠርሙስ ስትከፍት ግን እጇ አየር ላይ ቀረ።

ልጅ ሳለች ዓሣው ከባሕሩ የጠፋበት ዘመን ነበር። አባቷ ጀልባውን ለሰው ከምሸጠው ብሎ አሸዋው ላይ ጎተተና በገዛ እጁ አቃጠለው። ልጆቹ ተደርድረው ያያሉ፤ ከሳንቃው ሬንጁ እየፈላ ይንጠባጠባል፣ የራሰው ገመድ ይጨሳል፣ ጨውና እንጨት አብረው ይነድዳሉ። አባቷ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሞ ነበር፤ ፊቱን እንዲያዩበት አልፈለገም። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። አሁን ይኸው ከዚህች ጣት ከምታክል ጠርሙስ ውስጥ፣ ነበልባሉ ሳይቀር፣ ወጣባት።

«እህስ?» አለ ላክለን አንገቱን አስግጎ። «ምን አለው?»

ይሄንንስ አልሰጥህም አለች በልቧ።

«ማር» አለችው። «ማር፣ የፖም አበባ፣ ለብ ያለ ወተት። ለስላሳ ነው።»

«ጭሱስ?»

«የለውም።»

የዚያች ደሴት ብቅል የሚደርቀው ከረግረግ እየተቆረጠ በሚነድ አፈር ጭስ ላይ ስለሆነ፣ ጭስ የሌለው ውስኪ ከዚያ ፋብሪካ መውጣቱ እንግዳ ነገር ነው። ላክለን ጠረጠረ። «የእኛ ሆኖ ጭስ የለውም?»

«ድሮ አንድ ሰሞን ያለ ጭስ ያደርቁ ነበር ስትል አልነበር? የዚያን ጊዜ ይሆናል። ካላመንከኝ አሽትተህ እየው።»

ላክለን አንገቱን ደፋ። ከዚያ እንደ ተማሪ ይደግም ጀመር፤ ማር፣ የፖም አበባ፣ ለብ ያለ ወተት።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ፣ ባሕሩ ተኝቶ ነበር። የኤፊ ሳሎን ጢም ብሎ የተረፈው ሰው በመስኮት ያጮልቃል። ፊት ለፊት ከኤዲንብራ ከተማ የመጣች፣ ስለ መጠጥ በመጻፍ ስሟ የታወቀ ረጅም ሴት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ቶርክል። ኢሽቤል እንደ ልማዷ ኋላ ሆና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨምድዳ ይዛለች። ላክለን በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ጀመረ፤ በአክስቲቱ ቁም ሣጥን ሳቅ አገኘ፤ በበሩ ቀለም ጭብጨባ አገኘ። ከዚያ አሮጌው በርሜል ተቀዳ። ብርጭቆዎቹ ገና ሲታደሉ ሬንጁና ጭሱ ሳሎኑን ሞላው። ኢሽቤል ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ፤ ሌላው ሰው ሁሉ እያነጠሰ ያጉረመርማል። በዚያ ሁሉ ጭስ መሃል ቆሞ የማይሸተው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ላክለን ብርጭቆውን አሽከረከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በረጅሙ ሳበ።

«ማር» አለ። «ንቦቹ ገና ያልለቀቁት ማር። የፖም አበባ ይከተላል፤ ነፋስ ያራገፈው። ከታች ደግሞ ሕፃን ሊጠጣው የቀረበ ለብ ያለ ወተት።»

ቶርክል ቀና ብሎ አየውና ቶሎ ወደ መሬት አቀረቀረ። ኢሽቤል ትንፋሿን ይዛ የመጀመሪያውን ሳቅ ጠበቀች። ከየት በኩል እንደሚነሳ እንኳ ገምታ ነበር፤ ከመስኮቱ በኩል፣ ከፋብሪካው ሠራተኞች። አልተነሳም። የኤዲንብራዋ ሴት ዓይኗን ጨፍና ብርጭቆውን አፍንጫዋ ሥር አቆየችው።

«የሚገርም ነው» አለች ቀስ ብላ። «ማሩ አለ። ከጭሱ ጀርባ ነው ያለው።»

ጭስ የሚለው ቃል ሲወጣ ኢሽቤል የላክለንን ፊት ነበር የምታየው። ደሙ ከጉንጩ ሲሸሽ አየች። ዓይኑ በሰዎቹ ራስ ላይ እየዘለለ ፈልጎ አገኛት። ገባው። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

ላክለን ግን ሰው ፊት መቆም የለመደ ሰው ነው። ወደ እንግዳዋ ዞሮ ፈገግ አለ። «ጭሱንማ ማን ያጣዋል» አለ። «ጭሱን ውሻም ያሸተዋል። እኔ የምነግራችሁ ጭሱ ሲያልፍ የሚቀረውን ነው።»

ከዚያማ ጎርፍ ሆነ። አንዱ እኔስ ፖሙ ነው የቀደመኝ አለ። ሌላዋ ወተቱ ምላሴ ላይ ቀረ አለች። አንድ ሽማግሌ የአያቱን ቀፎ አስታውሶ ተረከ። ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ኢሽቤል ብርጭቆዋን አነሳችና አሸተተች፤ ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ የሚነድደው ጀልባ ውስጥ ማር የሸተታት መሰላት። ደንግጣ ብርጭቆውን አስቀመጠችው።

ቤት ሲደርሱ ላክለን ቁጭ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

«ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነበር» አላት።

«አዎ።»

«አየሽ ግን?» ሳቅ አለ። የድል ሳቅ ነበር። «ማር አልኳቸው፣ ማር ሸተታቸው። ለካ አታስፈልጊኝም። አፍንጫዬም ቢሆን አያስፈልገኝም። ከዛሬ ጀምሮ ያሻኝን እላለሁ።»

ኢሽቤል ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለች። አልቸኮለችም። «ድሮስ?» አለችው።

«ድሮ ምን?»

«ድሮ አፍንጫ ሳለህ፣ ብርቱካን ስትላቸው ብርቱካን የሚሸታቸው፣ ብርቱካኑ ስለነበረ ነው ወይስ አንተ ስላልክ? እንዴት ታውቃለህ? ዕድሜህን ሙሉ እንደዛሬው ሲነቀንቁልህ ኖረው ቢሆንስ?»

የላክለን ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። አንዱን ጫማ አውልቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ቶርክል ያውቃል» አለ። «ቶርክልን አላታልለውም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«ጠይቀዋ።»

ጠየቀው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቶርክል ባዶ ጠርሙሶቹን ሊወስድ ሲመጣ ላክለን ሳሎን አስገብቶ አስቀመጠው። ኢሽቤል ወጥ ቤት ድንች ትልጣለች፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ላክለን ነገሩን ሳያዞር፣ የትናንቱ አሮጌ በርሜል ምን ነበር የሚሸተው አለው። ቶርክል ይቅርብን አለቃ አለ። ላክለን አጥብቆ ያዘው።

«ሬንጅ ነው አለቃ» አለ ቶርክል። «ሬንጅ፣ ጭስ፣ የተቃጠለ ገመድ። ማር የሚባል ነገር አልነካውም።»

«ታዲያ ምን ዘጋህ? እንደ ሌላው ሰው አጨበጨብክልኝ እኮ።»

«ምን ልበል? ከገና ጀምሮ እናውቃለን።»

ከዚያ ወንበሩ እየተንቋቋ ሁሉንም ተናገረው። ኤፊ ጠርጥራ ኖሮ፣ ገና ሰሞን ላክለን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ አፉን የሚጉመጠመጥበት ውሃ ውስጥ ሽቶ ጨምራበት ነበር። ሳሎኑ በሙሉ ሲሸተው እሱ ጠጥቶት ቀጠለ። ወጥ ቤት ተሰብስበው እስኪወድቁ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የሆነ ነገር ይጨምሩበታል፤ አንዴ የሽንኩርት ውሃ፣ አንዴ ዓሣ የታጠበበት ውሃ። እንግዳ ስለሚያመጣ ግን ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተስማሙ። ቶርክል ጠርሙሶቹን በዋዜማው የሚያመጣለትም ለዚሁ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያሸትለት እንዳለ ስላወቁ።

«ቃሉ የእሷ እንደሆነም እናውቃለን» አለ ቶርክል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ ሲናገሩ ኋላ ተቀምጣ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ፖስተኛው እርስዎን ትቶ እሷን ለማየት ነው የሚመጣው። ሲስቅ አላዩትም?»

ኢሽቤል ቢላዋው እጇ ውስጥ ቆመ። ከንፈሯን በእጇ ነካችው። ሲንቀሳቀስ እንደነበር አታውቅም ነበር።

ቶርክል ሲሄድ ላክለን ሳሎን ውስጥ እንዳለ ቀረ። ስታልፍ አየችው። ሰው ቁጭ ባለበት እንዲህ ሊያንስ እንደሚችል አስባ አታውቅም።

በሚቀጥለው ወር ኤፊ ራሷ መጣች። ላክለን ከእንግዲህ አልመጣም ብሎ ልኮባት ነበር፤ ትኬቱ ግን ተሽጧል፣ እንግዳው ጀልባ ላይ ነው። ኢሽቤልን ወጥ ቤት ስባ አስገባቻትና፣ እኔና አንቺ መቼም የምንደባበቀው የለም፣ ቃሉ ያንቺ ነው፣ ነይና አንቺው ተናገሪው አለቻት። ኢሽቤል ያ የሽቶ ውሃ ትዝ አላት። እምቢ ልትል ይገባ ነበር። ግን ዓመታት ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ወንበር ሲሰጡት እምቢ ማለት ይከብደዋል። እሺ አለች። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምታወጣትን ሰማያዊ ሹራብ ለበሰች። ላክለን መስኮቱ ሥር ሆኖ አያት እንጂ አንድ ቃል አልተናገረም።

የቆመችው እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ከአሮጌው በርሜል የተረፈው በመጨረሻ እንዲቀርብ ኤፊን ለምና ነበር፤ እውነቱን ልትናገርለት። የመጀመሪያዎቹን ብርጭቆዎች እንደሸተታት ተናገረች። እንግዶቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ ፈገግ ብለው ሰሟት። አንዷ፣ ባለቤትዎ ዛሬ አይመጡም እንዴ ብላ ጠየቀች። የባቡር ጣቢያ ወንበር ይሸተኛል ስትል አንድ ሰውዬ አሽትቶ ሚስቱን አየና ትከሻውን ሰበቀ። ያው እሷ ናት፣ ያው ቃሏ ነው፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ያስለቅስ የነበረው ከእሷ አፍ ሲወጣ የአሮጊት ጨዋታ ሆነ።

በመጨረሻ አሮጌው በርሜል ተቀዳ። ጀልባውን ነገረቻቸው። አባቷ በገዛ እጁ እንዳቃጠለው፣ ሬንጁ እንዴት እንደፈላ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው እንደቆመ። ተናግራ ስትጨርስ ፊት የተቀመጠ ወጣት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በጨዋ አንደበት፣ «እኔ የኤዲንብራዋ ሴት ጽሑፍ ላይ ያነበብኩት ማር አለው የሚል ነበር» አላት። ከጎኑ ያለችው አሽትታ፣ አዎ፣ ማር ነው አለች። እዚያው መስኮቱ በኩል አንድ ሰው አቆስጣ የሚሉት የባሕር እንስሳ ታየ ብሎ ጠራ፤ ግማሹ ሰው ብርጭቆውን እንደያዘ ተነስቶ ወደ ባሕሩ ሊያይ ሄደ። ቶርክል ጫማውን ያይ ነበር። ኤፊ ክንዷን ይዛ እስከ በሩ ሸኘቻት።

«አይክፋሽ» አለቻት። «ሰው የሚወደው እሱን ነበር። ምን ላድርግ?»

ቤት ስትደርስ ላክለን ከመስኮቱ አልተነሳም ነበር። እንዴት ነበር አላት። ደህና ነበር አለችው፤ ሻሿን እየፈታች። አፍንጫው ከሞተ ወዲህ ዓይኑ ስል ሆኗል። ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«አልሸተታቸውም፣ አይደል?»

ሻሿን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጀልባውን ነገርሻቸው?»

ስለ ጀልባው ለእሱ ነግራው አታውቅም። በድንጋጤ ዞረች። ላክለን ፈገግ ብሎ ነበር። «አባትሽ ያቃጠለውን። እናትሽ ገና ስንጋባ ነግራኛለች። ቶርክል በርሜሉ ሬንጅ ነው ሲለኝ ለምን እንደደበቅሽኝ ገባኝ። ሂጂና ንገሪያቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።» ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲበቃው ዓይኑን ጠርጎ ራት አለ ወይ አላት። ከታመመ ወዲህ እንደዚያን ቀን በልቶ አያውቅም። ኢሽቤል ፊት ለፊት ተቀምጣ ሲበላ አየችው። የሚበላው እንደማይጥመው ታውቃለች፤ የጣመው ምን እንደሆነም ታውቃለች።

ኤፊ ቅዳሜውን ለቶርክል ሰጠችው። ቶርክል ቫኒላ ይላል፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ይላል፤ ሰዉም ይሸተዋል። ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ሆቴሉ አልሄዱም። የትም ቢሄዱ አብረው ነው የሚሳቅባቸው፣ ስለዚህ አብረው ቤት ይውላሉ።

ላክለን ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ነፋሱ ከፋብሪካው በኩል ሲመጣ የፈላው ገብስ ሽታ መንደሩን ያለብሰዋል፤ ከባሕሩ በኩል ሲዞር ዝናብ ይዞ እንደሚመጣ ኢሽቤል ከወጥ ቤት ሆና ታውቃለች። ላክለን የነፋሱን መዞር በጉንጩ ብቻ ይሰማዋል። አንዳንዴ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳና ሳይዞር ይጠይቃታል።

«ምን ይሸታል?»

«ምንም» ትለዋለች፤ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በአጠገቡ አልፋ ወደ ገበያ ትወርዳለች።